አንድ ድስት ለሁለት ቤት

እሑድ፣ ግንቦት 3 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? ባልሽን ወገቡን ተሻለው? እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃውን ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም።

የላክሽው ፍሪጅ ማክሰኞ ደረሰ። ሁለት ጎረምሶች የደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀርቅሮባቸው እኔንም አንቺንም እየረገሙ አስገቡት። ዕድሜዬን ሙሉ ፍሪጅ ስጠግን ኖሬ እንዲህ ያለ ድምፅ የሌለው ሞተር አላየሁም። እግዜር ይስጥሽ። በስልክ ይህንኑ ብቻ ብዬሽ ዘጋሁ። የቀረውን መጻፍ ይሻላል፤ በስልክ አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ እሺ እላለሁ።

አሮጌውን የነቀልኩት እናትሽ ባረፈች በዓመቷ ነው። አንድ ቀን በሩን ብከፍተው ግማሽ ሎሚና አንዲት ቲማቲም ተቀምጠዋል። ለእነሱ ብሎ ቀን ከሌት መብራት ይበላል። ለባዶ ሆድ ይህን ያህል መብራት ግፍ ነው ብዬ ገመዱን ሳብኩት። ጎረቤቱ ሳቀብኝ፤ ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል አሉ። አንቺም «አባዬ፣ የተበላሸ በልተህ አንድ ቀን ሞተህ ትገኛለህ» አልሽኝ። አልፈርድብሽም። ከሩቅ ለሚያስብ ሰው የሚታየው ክፉው ነው።

ግን እስካሁን አልሞትኩም። እንቁላል የምገዛው ለዕለቱ ነው። ወተቱን አፈላዋለሁ። ለአትክልቱ ሁለት የሸክላ ድስት አንዱን በአንዱ ውስጥ አስቀምጬ መሃሉን አሸዋ ሞልቼዋለሁ። አሸዋውን ውሃ እያጠጣሁ ነፋስ በሚገባበት መስኮት ሥር ሳስቀምጠው ካሮቱ አይጠወልግም።

ያስቸገረኝ የበሰለው ነው። እጄ ለአንድ ሰው ማብሰል አያውቅም። ምስር ልሥራ ብዬ ብነሣ ለአራት ይሆናል። አንድ የሙቀት ቀን ድስቱን ይዤ ወርጄ የታች ቤቷን ልብስ ሰፊ በር አንኳኳሁ። ታውቂያታለሽ፣ የትምህርት ቤት ቀሚስሽን በየዓመቱ ታስረዝምልሽ የነበረችው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ድስቱን ተቀበለችኝ፤ በማግስቱ ስትመልሰው ባዶውን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን የእኔ ተራ፣ አንድ ቀን የእሷ ሆነ። እሷም ፍሪጅ የላትም። ስለማያድር፣ ነገ እንበላዋለን ማለት የለም። ቁጭ ብለን ትኩሱን እንጨርሳለን። ልካቸውን ስትወስድ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስለሚስቡ ደንበኞቿ ታወራኛለች። ጨው ካበዛሁ «ጋሽ በረዶ፣ ዛሬ ባሕሩን ነው የቀቀሉት?» ትለኛለች። ሰፈሩ ያወጣልኝ ስም እንደሆነ ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ በኋላ ነው የነገረችኝ። የሁለታችን ቤት መብራት የሚመጣው ከአንድ መስመር ነው። የዚያ አሮጌ ፍሪጅ ሞተር በተነሣ ቁጥር የስፌት መኪናዋ ይደክም ነበር። ስፌቱ ሲዘልባት ዓይኔ ነው ብላ መነጽር ቀይራለች። ነገሩ ሲገባትም ዝም አለች። ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ ሐዘን ላይ ላለ ሰው ምን ይባላል አለች። አዲሱ ትንሽ መብራት ቢበላም ያው የሚቀማው ከእሷ ነው።

ማክሰኞ ተራው የእሷ ነበር። ሾርባዋን ይዛ ስትገባ ፍሪጁ ጥግ ይዞ ቆሟል። ድስቱን አስቀምጣ በሩን በመዳፏ ዳበሰችው።

«ጥሩ ልጅ አለችዎት» አለች። «እንግዲህ ምግብዎ ያድራል። ከእኔ ጋር መመላለሱ ቀረልዎት።»

እኔ ደግሞ አዎ አልኳት። ለምን እንዳልኩ አትጠይቂኝ። ሾርባውን ሳትቀምስ ወረደች።

በማግስቱ ድስቴን ይዤ ብወርድ በሩን ገርበብ አድርጋ በልቻለሁ አለች። የተረፈኝን ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት። ሐሙስ እሱን በላሁ፣ ዓርብም እሱኑ። አልተበላሸም። ለሞተሩ ምንም እንከን አይወጣለትም። ቅዳሜ ጠዋት ነቀልኩትና ወርጄ ነገርኳት።

«ተበላሸ እንዴ?» አለች፣ ከመኪናዋ ቀና ሳትል።

«አልተበላሸም።»

እግሯን ከፔዳሉ አነሣች። «ታዲያ ልጅዎን ምን ሊሏት ነው?»

«እጽፍላታለሁ።»

«እንግዲያው ይጻፉላት። እሷ ሳታውቅ ከእንግዲህ እዚያ ጠረጴዛዎ ላይ አልቀመጥም። ወንበሩ የእናቷ ነው።»

እውነቷን ነው፣ የእናትሽ ነው። እስካሁን ልብ አላልኩትም ነበር ብልሽ አታምኚኝም።

ፍሪጁን ለሚፈልግ ሰው ልስጠው ወይስ ጨርቅ አልብሼ ላቆየው፣ አንቺ እንዳልሽ ይሁን። ስጦታሽን ንቄ አይደለም። ከእጅሽ የመጣ ስለሆነ ነው አራት ቀን የታገልኩት።

ልጆቹን ግንባራቸውን ሳሚልኝ። ክፉ ነገር ደጅሽን አይወቀው፤ የምትሠሪበት እጅ አይድከምሽ፤ ለባልሽም ወገቡን እግዜር ያጽናለት።

አባትሽ

የልብስ ሰፊዋን ስልክ ቁጥር ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ደውዪላት፤ ጠዋት መኪናው ስለሚጮህ አትሰማም። ስለ ፍሪጁ ማንሣት የለብሽም። እንደምን ዋሉ ካልሻት ይበቃል።