ደህና መስለን በመታየታችን ስለተከለከልነው ድጋፍ

ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም
ደማም

ለጥላ ለወገን የድጋፍ ፈንድ
ለአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሪያድ

አመልካች፦ የአል አዳማ ሴቶች ቅሬ፣ በጸሐፊዋ በመሪማ ሃሩን በኩል

ጉዳዩ፦ «ድጋፍ አያስፈልገውም» ተብሎ የተሰጠው ውሳኔ እንዲሻርልንና ቤታችን ሳይነገረን በድጋሚ እንዲጎበኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሰብሳቢ፣

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። የእርስዎን ደኅንነት፣ የቤተሰብዎን ደኅንነት፣ የባልደረቦችዎን ደኅንነት ሁሉ እጠይቃለሁ። ሰላምታው የረዘመው ቀጥሎ የምጽፈው ስለሚያሳፍረኝ ነው፤ ኮሚቴው እንዲታገሠኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

1. የትውልድ አገሬ ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ ነው። ኾባር ውስጥ በአንድ ቤት ምግብ አብሳይ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁንም እዚያው ነኝ። የቅሬያችን ጸሐፊ የሆንኩት ስምንተኛ ክፍል ስለደረስኩና የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው እንጂ ተወዳድሬ አይደለም። ቅሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። የሞተ እንቀብራለን፣ ያዘነ እናጽናናለን፣ የታመመ እናስታምማለን። እዚህ አገር ደግሞ ሥራችን የሚበዛው በሦስተኛው ነው።

2. ላለፉት አራት ዓመታት ቅሬው አል አዳማ በሚባለው የደማም ሰፈር ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ ይዟል። ከሆስፒታል የወጣች፣ መሥራት ግን የማትችል፣ አሠሪዎቿም ኸላስ፣ በቃሽ፣ ያሏት ሴት እስክትድን ወይም በስሙ ያስመጣት ካፊሏ ኹሩጅ የሚባለውን የመውጫ ወረቀት እስኪጨርስላት እዚያ ታርፋለች። ዛሬ አራት ሴቶች አሉ። ስማቸው እንዲጻፍ የፈቀዱት ሁለቱ ናቸው። ዘሐራ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ እግሯ ላይ ያለው ቁስል አልድን ብሏል። ሰዳ የወረባቦ ልጅ ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ኅዳር ውስጥ ኾባር አንድ ቪላ መስኮት ስታጸዳ ከነመሰላሉ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። ብረት ገብቶላታል። ሐኪሙ ሦስት ወር ሙሉ በእግሯ እንዳትቆም አዟል። ካፊሏ ኹሩጁን «ነገ» ካለ ሁለተኛ ወሩን ይዟል።

3. የቤቱ ኪራይ ጨምሯል፤ ከአባሎቻችን ደግሞ ዘንድሮ ሦስቱ ጠቅልለው አገራቸው ገብተዋል። ባለቤቱ የሻዕባን ወር ሲያልቅ ወይ የዓመቱን እንድንከፍል ወይ ቁልፉን እንድናስረክብ ነግሮናል። ዛሬ ሻዕባን ከገባ ሳምንት አልፎታል። ቤቱ ከተዘጋ ሰዳ የምትሄድበት የለም። የምጽፍልዎ በዚህ ምክንያት ነው፤ የቀረው ሁሉ ዝርዝር ነው።

4. ወደ እናንተ ከመምጣታችን በፊት ሌላም ቦታ ሞክረናል። አንድ የኾባር ነጋዴ ፎቶግራፋቸው በራችን ላይ እንዲሰቀል ጠየቁ፤ የሴቶች ቤት በር ላይ የወንድ ፎቶ አይሰቀልም ብለን መለስናቸው። አንድ ማኅበር የሦስት ዓመት የኦዲት ሪፖርት ጠየቀን። እኛ ያለን የእትዬ ሙሜ ደብተር ነው። እትዬ ሙሜ የቅሬያችን እናት ናቸው፤ ደብተራቸው አንድ ሐላላ ሳንቲም አይስትም፣ ነገር ግን ከእሳቸው ሌላ የሚያነበው ሰው አልተገኘም።

5. የእናንተን ማስታወቂያ በስልኳ ያገኘችው ከአባሎቻችን በዕድሜ ታናሿ ሲሀም ናት። ቅጹን የሞላነው አሥራ አንድ ሴቶች ሆነን በሦስት ዓርብ ነው። «ፕሮጀክቱ ድጋፉ ሲያልቅ እንዴት ይቀጥላል?» ለሚለው «ሰው መታመሙን እስኪተው ድረስ እንቀጥላለን» አልን። «ሊያጋጥሙ የሚችሉ ሥጋቶች» ለሚለው «አሠሪ ማዳሞቻችን ዓርብ እንግዳ ከጠሩ ስብሰባ አይኖርም» ብለን ጻፍን። የሚሰጡና የሚቀበሉ ሰዎች ዝርዝር ለየብቻ ይላክ ሲባል አንዱን ዝርዝር ሁለት ጊዜ ላክን፤ በቅሬ የሚሰጠውም የሚቀበለውም ያው ሰው ነው፣ የሚለየው ተራው ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ የመጀመሪያውን ማጣሪያ አለፍን። ፈንዱን ስለዚህ ከልብ አመሰግናለሁ፤ እኔ ብሆን አላሳልፈንም ነበር።

6. ታኅሣሥ 3 ቀን ደብዳቤ ደረሰን። ገምጋሚው አቶ ጀሊል ታኅሣሥ 24 ቀን፣ ዓርብ፣ ከሪያድ በባቡር መጥተው ቤቱን እንደሚጎበኙ ይገልጻል። እዚህ ላይ ፈንዱን በአክብሮት እወቅሳለሁ። ለወሎ ሴት እንግዳ እንደሚመጣ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ መንገር ሠርግ ደግሺ ማለት ነው።

7. የሆነውን ሳልቀንስ እጽፋለሁ። እትዬ ሙሜ ስብሰባ ጠርተው «ከሪያድ ድረስ ለእኛ ብሎ የሚመጣን ሰው ፍራሽ ላይ አናስቀምጥም፤ እንግዳ የአላህ ነው» አሉ። ሲሀም ብቻዋን እጇን አውጥታ «እትዬ፣ ሰውዬው እኮ የሚመጡት ችግራችንን ሊያዩ ነው» አለች። እትዬም «ችግር ይነገራል እንጂ ለእንግዳ አይታይም» ብለው አስቀመጧት። ሁላችንም በጭብጨባ ደገፍን፤ እኔ ቃለ ጉባኤውን በቆንጆ ጽሑፍ ጻፍኩ።

8. በዚህ መሠረት የአንዲት አባላችን ባል ኑርዲን ከሚሠራበት የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ሁለት የቆዳ ሶፋና አንድ የመስታወት ጠረጴዛ እስከ መግሪብ ሶላት ድረስ ተዋስን። ከአንደኛው ሶፋ ጎን የዋጋ ወረቀቱ እንደተለጠፈ ነበር፤ እትዬ ሙሜ ተቀምጠውበት ሸፈኑት። ምንጣፉ የጎረቤት ነው። ባለ ወርቅ ቅቡን የፊንጃል ስብስብ ያዋሰችኝ ማዳሜ ናት። እንግዳ አለብኝ ስላት ደስ ብሏት አንድ ትሪ ቴምር ጨመረችልኝ። እንግዳው እርዳታ ልንጠይቀው ያሰብነው ሰው መሆኑን ስነግራት ግን «መጅኑና!» ብላ፣ እብድ ማለቷ ነው፣ ሳቀችብኝ። ያኔ ልቤ ጠርጥሮ ነበር፤ አልሰማሁትም።

9. ምግቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሥራዬ ስለሆነ አላፍርበትም። አንድ ሙሉ በግ በሩዝ፣ ሦስት ዶሮ፣ ሰላጣው፣ ጣፋጩ፣ ሳምቡሳው። ለዚህ ያዋጣነው የቤቱን የግማሽ ወር ኪራይ ያህላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል አገር ቤት፤ እኛ ግን ቸግሮንም ያው ነን።

10. አሁን ወደሚከብደኝ ደረስኩ። አራቱን ሕመምተኞች በዚያው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ወደ ሲሀም ቤት አወጣናቸው። ፍራሾቹን ጣሪያ ላይ ከመርን። አሳንሰሩ ከዒድ ጀምሮ አይሠራምና ሰዳን በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው ያወጧት ኑርዲንና ወንድሙ ሙዐዝ ናቸው። በየደረጃው ጥርሷን ስትነክስ አይቻለሁ። ማንም አላስገደዳትም። «በሽተኛ እያየ እንዴት ይበላል? አውጡኝ» ያለችው ራሷ ናት። እኛም ጨዋነቷን አመስግነን ተሸከምናት።

11. አቶ ጀሊል መጡ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጫማቸውን ከበሩ ውጭ አወለቁ፣ እትዬ ሙሜን እጅ ነሱ። ሦስት ጊዜ «ይበቃኛል» ብለው ሦስት ጊዜ ጨመርንላቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ በሉ። ክፍሎቹን ዞረው አዩ፣ ፎቶ አነሱ፣ ጻፉ። ከባቡሩ ሰዓት በፊት ወጡ። በሩ ሲዘጋ እልል ያልን አለን።

12. ጥር 11 ቀን የመጣልን ውሳኔ እንዲህ ይላል፦ «ቤቱ የተሟላ፣ ምቹና ንጹሕ ነው። በጉብኝቱ ሰዓት አንድም ተጠቃሚ አልተገኘም። ድርጅቱ በራሱ አቅም ከፍተኛ መስተንግዶ ማድረግ እንደሚችል ታይቷል። ስለሆነም ድጋፍ አያስፈልገውም።»

13. ክቡር ሰብሳቢ፣ በአቶ ጀሊል ላይ ክስ የለኝም። ሪፖርታቸው ውስጥ ሐሰት የለም፤ ያሳየናቸውን ጽፈዋል። ቅር ያሰኘኝ ነገር ቢኖር ለመንገድ የቋጠርንላቸው ሳምቡሳ አለመጠቀሱ ነው። ሠላሳ ነበር።

14. ውሳኔውን ለአባላት ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከዚያ እትዬ ሙሜ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኛ በሽተኛዋንም ደብቀን አረፍነው» አሉና ሳቁ፣ ሁላችንም ሳቅን፣ ሲሀም ግን አለቀሰች። ልክ የነበረችው እሷ ብቻ ስለሆነች ከዚያ ቀን ጀምሮ በስብሰባ ሁለት ድምፅ እንዲኖራት ተወስኗል።

15. ለማስረጃ የሰዳን የሐኪም ወረቀት፣ የቤቱን የኪራይ ውል፣ እንዲሁም ሶፋዎቹ በዚያው ዕለት በሰላም መመለሳቸውን የሚገልጽ የዕቃ መሸጫውን ደብዳቤ አያይዣለሁ። በደብዳቤው መጨረሻ ባለሱቁ አንዱ ሶፋ አሁንም እንዳልተሸጠ መጻፋቸው የእኔ ጥያቄ አይደለም።

16. ቢሆንም በፈንዱ አሠራር ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ይህን በቀልድ አልጽፈውም። የውሳኔውን ደብዳቤ ሳነብ ተናድጃለሁ። እርዳታ ለማግኘት የግድ መቆሸሽ አለብን? ንጹሕ ልብስ ለብሶ የሚራብ ሰው አለ። ቤቱን ጠርጎ፣ አልጋውን አንጥፎ የሚሞት ሰው አለ። የእናንተ ቅጽ ስለ ሁሉም ነገር ሲጠይቅ ሰው ችግሩን ለመሸፈን ምን ያህል እንደሚደክም የሚጽፍበት ቦታ የለውም። ቦታ ቢኖረው ከማንም የበለጠ ነጥብ የምናገኘው እኛ ነበርን።

17. እስከዚህ የጻፍኩት የቅሬው ጥፋት ነው። ይህኛው የእኔ ብቻ ነው፤ ለአባላትም አልነገርኩም። አቶ ጀሊል ከምግብ በኋላ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ቀስ ብለው «እኅቴ፣ በእውነት ግን የታመመ ሰው የለም?» ብለው ጠይቀውኛል። ሌሎቹ ሰሃን እያነሱ ስለነበር አልሰሙም። ሰውየው በር ከፍተውልኝ ነበር። እኔ ግን «አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደህና ነን» አልኳቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዴት ነሽ ላለኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነውና አፌ ቀደመኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆኖ ቀረ።

18. እንግዳው ከሄዱ በኋላ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ሰዳ ፊቷ አመድ መስሎ፣ የሲሀምን ትራስ ነክሳ አገኘኋት። የሕመም ማስታገሻዋ ታች ቀርቷል፤ ከሶፋው ጀርባ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። እንግዳ ተቀምጦ ሶፋ አይገፋምና ማንም አላወጣላትም፤ እሷም አላስላከችም። አራት ሰዓት ሙሉ እንዲሁ ቆይታለች። እኔ ታች «ሁላችንም ደህና ነን» ስል እሷ ፎቅ ላይ እንዲህ ነበረች። ከዚያ ዓርብ ወዲህ እንቅልፌ ጥሩ አይደለም። ይህን መልሴን ከመዝገቡ እንድትሰርዙልኝ እለምናለሁ።

ስለዚህ ኮሚቴው፦

ሀ. ጥር 11 ቀን የተሰጠው ውሳኔ እንዲሻርልን፤

ለ. ሻዕባን ሳያልቅ ቤቱ በድጋሚ እንዲጎበኝ፣ ቀኑና ሰዓቱ ግን ለማንም አባል፣ በተለይ ለእትዬ ሙሜ፣ እንዳይነገር፤

ሐ. ጎብኚው ምሳቸውን በልተው እንዲመጡ፣ የሚቻል ከሆነም አቶ ጀሊል ራሳቸው እንዲሆኑ፣ ስለወደድናቸው፤

መ. ጥያቄያችን ከጸደቀ የዓመቱ ኪራይ በእጃችን ሳያልፍ በቀጥታ ለቤቱ ባለቤት እንዲከፈል፣ በእጃችን ካለፈ ከፊሉ ለምስጋና ግብዣ እንደሚውል ስለማውቅ፤

በትሕትና እጠይቃለሁ።

ለጎብኚው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የቤቱ በር ቀን ቀን አይቆለፍም፤ ሳያንኳኩ ይግቡ። ሰዳ ከበሩ ፊት ለፊት ነው የምትተኛው። እሷ ሰው ሲገባ ተኝታ የምትቀበል ልጅ አይደለችም፤ ገና ጫማዎን ሲያወልቁ ልትነሳልዎ በክንዷ ትመረኮዛለች። በዚያ እግሯ ከቆመች ብረቱ ይነቃነቃል ብሏል ሐኪሙ። እባክዎ ሰላምታውን ያቆዩትና፣ ሮጠው ደርሰው ትከሻዋን ይያዙልን።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
መሪማ ሃሩን
የአል አዳማ ሴቶች ቅሬ ጸሐፊ