የክርስትና ስሜ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

የቤተ መጻሕፍታችን እትዬ መሠረት ለልጆች የሚጽፍ ሰው ካገኙ እንደ ዘመድ ነው የሚይዙት። ዛሬ አንዲት በዕድሜ የገፉ ደራሲ ጋብዘው፣ ተሰልፈን መጽሐፍ አስፈረምን። ተራዬ ደርሶ «ስምሽ ማን ነው?» ቢሉኝ ድምፄ አልወጣ አለ። ደራሲዋ ትንሽ አዩኝና ደግመው ሳይጠይቁ ጻፉ።

ጥግ ይዤ ገለጥሁት። «ለወለተ ጽዮን» ይላል።

የክርስትና ስሜ ነው። ከእናቴና ከነፍስ አባታችን በቀር የሚያውቀው የለም። እናቴ ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች።

ሮጬ ስወጣ ደራሲዋ ሄደዋል። ስመለስ እትዬ መሠረት መጽሐፉን ከእጄ ወስደው አዩና ሳቁ።

«ሰላምዬ፣ የሰው መጽሐፍ ይዘሽ ልትሄጅ ነው?»

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወዳለው ሐይቅ በሚያወጣው በር ብቅ ብለው ተጣሩ። «ወለተ ጽዮን! ወለተ ጽዮን ማናት?»

እኔ ነኝ ማለት አልቻልሁም።

ውሃው ዳር ከበቀለው ደንገል ውስጥ አንዲት ልጅ «አቤት!» አለች።

«ይኸው፣ ባለቤቷ ተገኘች» ብለው መጽሐፉን ይዘው ወደ ውሃው ወረዱ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሲመለሱ እጃቸው ባዶ ነበር።

«ደስ የምትል ልጅ! መልኳ ቁርጥ አንቺን» አሉኝ። «እንዳንቺ ግን ዓይን አፋር አይደለችም።»