ጥያቄሽን ጠይቄልሻለሁ

ይድረስ ለልጄ ልጅ ለሚስራ። አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል የኔ ዓለም? ያ ብርድ ሲነካው የሚቆረጥምሽ ጉልበትሽ ተሻለው? የጦሳ ተራራስ ጉሙን አወረደባችሁ ወይስ ዘንድሮ ማራችሁ? ጥናት ይዛ ምግብ ትታለች ብላ የአጎትሽ ሚስት አይሻ ነግራኛለች፤ ብይ እንጂ፣ ባዶ ሆድ ምን ይይዛል? እኔን ካልሽኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከወገቤና ከምላሴ በቀር ሁሉም ሰላም ነው። ወገቤ አልታዘዝ ብሏል፣ ምላሴ አላርፍ ብላለች። አሁንም እዚህ ጅዳ ልጅ እንደጠበቅሁ ነኝ፤ እናቶቻቸው ሥራ ሲሄዱ ሕፃናቱ እኔ ቤት ይውላሉ፣ አንዱን ሳስተኛ ሌላው ይነሳል። ጽሑፌን አይተሽ አትሳቂ፤ ድሮ በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳት ፊደል ናት።

እንግዲህ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ጠይቂልኝ ወዳልሽው ጉዳይ ልግባ። ያንን ማኅበራዊ ሥነ ልቦና የሚሉትን ትምህርትሽን እዚህ ሰው ቤት ለሚሠሩት ለአገራችን ሴቶች ለማስረዳት ያየሁትን አበሳ አላህ ያውቃል። ጎረቤቴ ወለላ፣ ያቺ ስደውልልሽ ከኋላዬ የምትጮኸው፣ የእብድ ሐኪም ልትሆን ነው እንዴ አለችኝ። አይደለም፣ ሰው ከሰው መሀል ሲገባ ልቡ እንዴት እንደሚሆን ነው የምታጠናው አልኳት። ታዲያ ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ይገባል? አንድ ቀን ሰርግ ቤት ተቀምጦ መዋል አይበቃም? ብላ ሁሉንም አሳቀችብኝ።

አንቺ ለየብቻ ጠይቂያቸው፣ አንዷ የሌላዋን መልስ እንዳትሰማ ብለሽኝ ነበር። አልሰማሁሽም። ቤቴ የመጣን እንግዳ አንዷን ነጥዬ ጓዳ አግብቼ ባንሾካሹክ ሌሎቹ ምን ይሉኛል? ስታማን ነው ይላሉ። በኛ ወግ ደግ ነገር ጓዳ ገብቶ አይወራም። ስለዚህ ጁምዓ ዕለት እረፍት የወጡትን ሁሉ ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ በአንድ ጊዜ ጠየቅኋቸው፤ የምትሠሩበት ቤት እንዴት ነው? አገር ቤት ስትደውሉስ ምን ትላላችሁ? ዳር የተቀመጠችው ኸውላ ደህና ነው፣ ለቤተሰብም ደህና ነኝ ነው የምለው አለች። ቀጥሎ ያለችውም ደህና። ከዚያ ያለችውም ደህና። ኢማም ተከትለው አሚን ያሉ ነው የመሰለኝ። እናትሽ ሀናንም ከምትሠራበት ከሳፋ ሰፈር ማዳሟን አስፈቅዳ መጥታ በር አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ደህና ነው ብላ የሕፃን ልብስ ታጥፍልኝ ጀመር። ይህንኑ በስልክ ብነግርሽ፣ አስተማሪሽ የሁሉም መልስ አንድ ዓይነት ነው፣ በዚህ አትመረቂም አለሽ። ስታለቅሺ ሰምቻለሁ።

በሚቀጥለው ጁምዓ ተቆጣኋቸው። ልጄን ልታስወድቁብኝ ነው? እውነቱን አውሩ! አልኳቸው። ወለላ ቀደመች። የኔዋ ማዳም ሸይጣን ናት፣ ሸይጣን ራሱ ሲያያት አዑዙ ቢላህ ብሎ ይሸሻል አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው? የሁሉም ማዳም ሸይጣን ሆነች። ባለፈው ደህና ያለችው ኸውላ እንኳ ከወለላ አላንስም ብላ እጇን እያወናጨፈች አማረረች። እናትሽ ብቻ የሕፃን ልብስ ታጥፍ ነበር። ሲሄዱ ቁጭ ብዬ አሰብኩት፤ ሁለት ጊዜ ጠይቄ መልስ ያገኘሁት አንዴ ከኸውላ፣ አንዴ ከወለላ ነው። ሌላው ሁሉ የጎረቤቱን አፍ እያየ ነው የመለሰው። ለየብቻ ያልሽው ያኔ ገባኝ።

ረመዷን ሳይገባ ዑምራ እናድርግ ተባብለን፣ ከማዳሞቻቸው ፈቃድ ያገኙ አራት ሴቶችና እኔ ባስ ተሳፍረን መካ ሄድን። ካዕባን ዞረን ጦዋፋችንን ጨርሰን በሶፋና በመርዋ ኮረብቶች መሀል ስንመላለስ ወገቤ ከዳኝና ኋላ ቀረሁ። እነሱም ተራ በተራ እጄን ሊይዙ ወደኔ ይመለሳሉ። ሰዉ ጎርፍ ነው፤ ቱርኩ፣ ናይጄሪያው፣ ኢንዶኔዥያው፣ ሁሉም በየቋንቋው ዱዓ ያደርጋል፤ አማርኛ የሚሰማ የለም። ያጣሁትን ጓዳ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አገኘሁት። ዝም ብለሽ ዱዓሽን አድርጊ ብላቸውም አልሰሙኝ፣ አወሩ።

ስማቸውን አልነግርሽም፣ አማና ነው፣ አደራ። ያሉትን ግን ለልጅሽ ትምህርት ከጠቀመ ንገሪያት ብለዋል። አንዷ ምግቧን ቆማ ነው የምትበላው፤ ተቀምጬ መብላት አንቺ ቤት ብቻ ነው አለችኝ። አንዷን ክፉ የሚናገራት የለም፣ በስሟ የሚጠራትም የለም፤ ያ ቢንት፣ ያ ቢንት፣ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው፣ ሲሏት ስሟን ልትረሳው ደርሳለች። ሦስተኛዋን ብነግርሽ ትደነግጫለሽ። ማዳሟ እውነትም ደግ ናት፤ ስትታመም ሐኪም ቤት ይዛት የሮጠች ናት። ታዲያ ምን ሆነሽ ሰደብሻት አልኳት። ሌላው ሲያለቅስ እኔ ተመቸኝ ልበል እንዴ? ዓይናቸው ያርፍብኛል አለች።

አራተኛዋ እናትሽ ናት። ከመርዋ ስንመለስ እጄን ያዘችና እማዬ፣ አገሬ መግባት እፈልጋለሁ አለችኝ። አመመሽ ወይ? አይ፣ ደከመኝ፣ ኻላስ በቃኝ አለች። ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም ብላት፣ ማንን አግኝቼ? አለች። ስደውል ወንድሜ ኑሩ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ መሀል ያስቀምጠዋል፤ ቤተሰቡ ጎረቤቱ ይሰበሰባል፤ ሀናን ደህና ነሽ? ይላሉ ባንድ አፍ። ደህና ነኝ ካልኩ በኋላ ደግሞ በየት በኩል ልመለስ? በምልከው ብር የምትማረው ሚስራ ሳትመረቅ ብገባስ፣ ትምህርቷን ያቋረጥኩባት አይመስላትም? አለች። ለሚስራ ልንገራት ወይ አልኳት። ንገሪያት አለች።

ለዚህ ነው ድምፅ ሳልልክ የጻፍኩልሽ፤ ድምፅ ከላክሁ ሰፈሩ ሁሉ ሊሰማው ነው። የኸውላ ወንድም ሙራድ ወደ አገር ቤት ሲመለስ ይዞልሽ ይመጣል፤ ከሚስራ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ ብዬዋለሁ። የሦስቱን ለአስተማሪሽ ስጪው፣ የሚመረቁበት ከሆነ ተመረቂበት። የእናትሽን ግን ለሱ አትጻፊ፣ እሱ ላንቺ ነው። ትግባም ትቆይም አልልሽም፤ ልጄ ናት፣ እናትሽ ናት፣ ያወቃችሁትን አድርጉ። በየኸሚሱ፣ ሐሙስ ማታ፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ ማዳሟ ወደ እህቷ ትሄዳለች። ያኔ ስልኩን ይዘሽ ከቤት ውጪ፣ ብቻሽን ደውይላት። ደህና ነሽ ወይ አትበያት። መቼ ነው የምትገቢው በያት።

ለልጄ ለኑሩ ሰላም በይልኝ፤ ምን ጻፈች ካለሽ እናትህ ጤና ናት በይው። አይሻን ስለምትመግብሽ አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ በያት። ወንድምሽን ሁዘይፋን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ቁርኣኑን እንዳይተው። ጎረቤቱን ሁሉ በደፈናው ሰላም በይልኝ። አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ ያሰብሽውን ያግራልሽ።

አያትሽ ሽቱ ይመር
ጅዳ፣ ኑዝላ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.