ዳገቱና የካምቢዮው ዘይት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

ዋናው ነገር ይቅደም። ባለቤቴ ኩላሊቷ ሥራ አቁሟል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ደሟ በማሽን ካልታጠበ አትኖርም። ማሽኑ ያለው ከተራራው ወዲያ ነው። የሚያሻግራት ይህ አሮጌ አውቶማቲክ መኪናችን ብቻ። በአውቶቡስ አንዴ ሞክረን ነበር፤ ስትመለስ ራሷን ስታ በማታውቀው ሰው ትከሻ ላይ ነው የመጣችው።

ዛሬም እንደወትሮው ወጣን። ቅዳሜ ዕለት ጠጋኙ ሌላ ራዲያተር ገጥሞልናል። (ጠጋኙ የምንለው መካኒኩን ነው፤ ልጅ ሳለ አስተምሬዋለሁ።) ውኃ ማፍሰሱ ቆሟል። ደስ ብሎኝ ነበር የምነዳው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ባለቤቴ መስኮቱን ከፈተች።

"ዳቦ የሚያሳርር ማነው?"

"እዚህ ገደል ላይ ዳቦ ቤት የለም።"

"እንግዲያው የምታሳርረው አንተ ነሃ።"

የሙቀቱን መርፌ አየሁ። መሃል ላይ ነው። ሳቅሁባት። ጫፉ ጋ ስንቃረብ ግን ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው አልፈጠነም። የሆነ ነገር የተንሸራተተ ይመስል... አልነገርኳትም። ለምን አልነገርኳትም?

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

ሞተሩን አስነስቼ አሞቅሁ። ኮፈኑን ከፍቼ የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ዘይት መለኪያ መዘዝኩ። ነጭ ጨርቅ ላይ ጠረግሁት። ቀይ መሆን ነበረበት። ጠቁሯል። አሸተትኩት።

ያረረ ዳቦ።

መርፌው የሚናገረው ስለ ሞተሩ ውኃ ብቻ ነው። የካምቢዮው ዘይት ምን ያህል እንደጋለ የሚናገር አንድም ነገር እዚህ መኪና ላይ የለም። እኔ ደግሞ መርፌውን አምኜ ሰው ላይ ስስቅ...

ካርቶን አንጥፌ ከሥር ገባሁ። የጋለውን ዘይት ከካምቢዮው ወደ ራዲያተሩ የሚወስድ ቱቦ አለ። ቀዝቅዞ ሲመለስ የሚያመጣው ሌላ ቱቦ አለ። ሁለቱንም በጣቴ ተከተልኳቸው። ራዲያተሩ ጋ አይደርሱም። በአጭር ጎማ እርስ በርሳቸው ተያይዘዋል። ዘይቱ እንደጋለ ይወጣል፣ እንደጋለ ይመለሳል።

ልወጣ ስል ወገቤ ቀጭ አለ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10

ጋራዥ ሄድኩ።

"ቲቸር! ምነው ጎበጥ አሉ?"

"ሁለቱን የዘይት ቱቦዎች ምን አደረግሃቸው?"

"አጋባኋቸው።"

"ምን?"

"ያገኘሁት ራዲያተር የማንዋል መኪና ነው። ለካምቢዮ ዘይት መግቢያ የለውም። ዘይቱ መሬት ላይ ከሚፈስ ብዬ አጋባኋቸው። ማፍሰሱን አስቁምልኝ አላሉኝም? ቆመ።"

"ዘይቱንስ ማን ያቀዝቅዘው?"

እጁን በጨርቅ ጠረገ። የጠረገውን መልሶ ጠረገ።

"ከተማ ውስጥ ሲነዱት እኮ ብዙም ችግር..."

"እኔ ተራራ ነው የምወጣው።"

"ውይ። እትዬን ረሳኋቸው።"

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ተውኩት። ይህን ፊት አውቀዋለሁ። ጥያቄውን እስከ ግማሽ አንብቦ የሚመልስ ተማሪ ፊት ነው። "በል አፋታቸው" አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ራሱን የቻለ የዘይት ማቀዝቀዣ ከራዲያተሩ ፊት ሊገጥምልኝ ነው። ዕቃው የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ነገ ዓርብ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ጽሑፌ ከመስመሩ እየወጣ ነው። ፊደሌን አያችሁት? ማንን ነው የምጠይቀው...

የሠፈራችን ባለታክሲ ስደውልለት "ተራራውን? በዚህ ጎማ?" ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። አማራጭ አልነበረም። ሁሉንም ነገርኳት። "እኔ አፍንጫ ልሁን፣ አንተ እግር ሁን" አለች። በዝቅተኛው ማርሽ፣ ሰፊ ቦታ ባገኘን ቁጥር እየቆምን ወጣን። "ሸተተኝ" ስትል እቆማለሁ።

ትልቁ ጥምዝ ላይ ግን መቆሚያ የለም። ነዳጅ ሰጠሁ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው ወደ ኋላ ሄደ። ወደ ኋላ! ፍሬን ያዝኩ። የእጁንም ሳብኩ። ከኋላችን የጭነት መኪና ነበር። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

"አባባ፣ ተኝተው ነው?"

ባለቤቴ በመስኮት "ዝም በል! መኪናዋ ትንፋሿን እየሰበሰበች ነው!" አለችው። ድምጿ እንዴት ወጣላት? ሰውየው ወርዶ ከጎማችን ሥር ድንጋይ አደረገልን። ዘይቱ እስኪበርድ ቆምን። እሷ ትቀልዳለች፤ እጇ ግን ጉልበቴን ጨምድዶ ይዟል።

አርፍደን ደረስን። ተራዋን ለሌላ ሰው ሰጥተውት ነበርና የሰዓቷን ግማሽ ብቻ ታጠበች። ነርሷ "ማክሰኞ እንዳትቀሩ፣ አደራ" አለችን። ስንመለስም እየቆምን ነው የተሻገርነው።

ማታ ያበጠ እግሯን በጣቴ ተጫንኩት። ሥርጉዱ ቶሎ አልሞላም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ዕቃው አልመጣም። "ሰኞ፣ ቲቸር፣ እውነቴን ነው።" ጫማዋ እምቢ አላት። የኔን ነጠላ ጫማ አድርጋ ዋለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 14

መጣ!

ጎንበስ ማለት ስለማልችል ወንበር አስመጥቼ ተቀመጥኩ። ጥቁሩን ዘይት አፈሰሰ፣ ማጣሪያውን ቀየረ፣ ማቀዝቀዣውን ገጠመ፣ አዲስ ዘይት ሞላ። እያንዳንዱን ቱቦ በጣቱ እየነካ "ከየት ወዴት?" ስለው መለሰ። አልተቀየመኝም።

ከዚያ ባዶውን ዳገቱ ላይ ሞከርነው። እሱ ነዳ። ጫፉ ላይ ዘይቱን ነጭ ጨርቅ ላይ ጠረግነው። ቀይ ነው። ሽታ የለውም።

"ስንት ሰጡኝ ቲቸር?"

"የሚያርመው ተራራው ነው።"

ማታ ልጄ ከምትሠራበት ከተማ መጣች። ነገ የምትነዳው እሷ ናት። ከኋላ ተጋድሜ ልሂድ ብዬ ለመንኳት። "አባዬ፣ አንተ ከኋላ 'ቀስ፣ ቀስ' እያልከኝማ አልነዳም።" ወገቤም ቢሆን ከሷ ጋር ነው የተስማማው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 15

ሄዱ። ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ነው የምጽፈው። የቱቦው ማሰሪያ ቢላላስ? የሞከርነው ባዶውን ነው፤ ዛሬ ሰውም ዕቃም ጭኗል። ያረረው የካምቢዮው የውስጥ አካል ከአሁን በኋላ ስንት ዳገት ይችላል? ጠጋኙን ብጠይቀው "አይዞዎት" ነው የሚለኝ። አይዞህ ዘይት አያቀዝቅዝም።

አሁን ጥምዙ ጋ ሳይደርሱ አይቀሩም። ባለፈው ማክሰኞ መርፌውን አይቼ ሳቅሁባት። ዛሬ ልጄን መኪናው በር ላይ "መርፌውን ተይው፣ እናትሽን ስሚ" አልኳት።

ለባለቤቴ በስልክ የላክሁትን እዚህም ልጻፈው፤ እጄ ሥራ ይፈልጋል።

"ያረረ ዳቦ ከሸተተሽ ልጅቷ ብትስቅብሽም አስቁሚያት። ምንም ካልሸተተሽም፣ እባክሽ፣ መልስሽን ቶሎ ላኪልኝ።"