የጌትነት ጉልበት

እሑድ፣ ግንቦት 9። ሞጣ።

በብቸና መምህራን የቅርጫት ኳስ ቡድን ተጠባባቂ ሴንተር ሆኜ ሦስት ዓመት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ዋናው ሴንተር ጌትነት ሲደክመው አምስት ደቂቃ ያህል እገባለሁ፤ ውሃ ጠጥቶ ላቡን ሲጠርግ ተመልሼ እወጣለሁ። ዛሬ ጠዋት መኪና ውስጥ፣ አንድ ቀን እንኳ ሙሉ ጨዋታ ስጠኝ ብዬ ጸልዬ ነበር።

ከሞጣዎች ጋር ጨዋታው ገና እንደተጀመረ ጌትነት ኳስ ሊይዝ ዘሎ ሲያርፍ ጉልበቱ ከዳው። ጩኸቱ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ጌታዬ፣ የለመንኩህ እኮ ይህን አልነበረም።

አሰልጣኙ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ተነሥ እንጂ! ካንተ ሌላ ማን አለን?" አለኝ።

ገባሁ። እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ፤ አሸነፍን። ልጆቹ ተሸክመው ሲያዞሩኝ አሰልጣኙ፣ "ለካ እንዲህ ያለ ሰው አስቀምጠን ኖረናል!" ብሎ ጮኸ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ራሱ አሳፈረኝ።

ከሜዳው በቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ጌትነትን ከእንግዲህ ኳስ ይቅርብህ ብሎታል። ሲያየኝ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

"ስንት አገባህ?"

"አሥራ ስምንት ነጥብ።"

"ጎሽ!" አለኝ። "እኔ ሳልሰስት የምሮጠው አንተ ወንበሩ ላይ ስላለህ ነበር። ላንተስ አሁን ማን ይቀመጥልሃል?"

ፊቱን ወደ ግድግዳው ሲያዞር ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ አስተካክዬለት ወጣሁ።