የሀና ማርያም መስመር ሲቀላ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ጀሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የሀና ማርያሙ ክሊኒክ። "ሲስተም የለም።" ብስራተ ገብርኤል ሳልደርስ ደግሞ የጀሞው። "ሲስተም የለም።" እዚህ ቤት ሁሉም ነገር ሲስተም ነው... ፕሪንተሩ ወረቀት ሲጨርስም የሚደውሉት ለእኔ ነው።

ዶክተር አባይነህ፣ የሦስቱ ክሊኒኮች ባለቤት፣ በር ላይ ጠበቁኝ። የትኛው የኔትወርክ መስመር ነው የሚጨናነቀው አሉ። ምን ልበል? እኔም የማውቀው በጩኸት ነው፤ ቀድሞ የደወለው ተጨናንቋል ማለት ነው። "በካርታ አሳይዎታለሁ" ብዬ አረፍኩት። አይ አፌ! እንዲህ ያለ ካርታ መቼ ሠርቼ አውቃለሁ? የሙከራ ጊዜዬ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ያልቃል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሠራሁት። ሦስት ሳጥን፤ ዋናው ክሊኒክ ብስራተ ገብርኤል መሀል፣ ጀሞና ሀና ማርያም ግራና ቀኝ። በመካከላቸው መስመር። መስመሩ ቀለል ሲለው አረንጓዴ፣ ሲበዛበት ቢጫ፣ ሲጨናነቅ ቀይ። ፕሮግራሙ በየጊዜው የኔትወርክ መሣሪያዎቹን እየጠየቀ ቀለሙን ራሱ ይቀይራል። ግማሽ ቀን ሁሉንም ዜሮ ዜሮ ሲለኝ ዋለ... የይለፍ ቃሉን ተሳስቼ ኖሯል። ድንገት የሀና ማርያም መስመር ቦግ ሲል ብቻዬን ሳቅኩ። እትዬ ተናኘወርቅ ከካርድ ክፍል ብቅ ብለው ደህንነቴን ጠየቁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ዶክተር ካርታዬን ወደዱት። ከመውደዳቸው ብዛት የተራ መጠበቂያውን ቴሌቪዥን አስለቅቀው እሱ ላይ አስከፈቱት! ሰው ሁሉ ድራማው ተቋርጦበት የእኔን ሦስት ሳጥን ያያል። አንድ አባት ማንና ማን ናቸው የሚጫወቱት ብለው ጠየቁኝ።

ሀና ማርያም ጠዋቱን ሙሉ ቀይ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እዚያ የሚነሳ ራጅ ሁሉ የሚነበበው እዚህ ነው፤ ምስሉ ከባድ፣ መስመሩ ጠባብ። ራጅ የሚያነሳው ኑረዲን በሽተኛን "ነገ ተመለስ" ማለት ሰልችቶታል። ለዶክተር ነገርኳቸው። ሁለት ሳምንት እንየው፣ እንዲህ ከቀጠለ ሰፊ መስመር እናስገባለን አሉ። ደስ አለኝ። ቀይ አይቶ ደስ የሚለው ሰው... እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሀና ማርያም አረንጓዴ። ትናንትም አረንጓዴ ነበር። ምን ነካክቼ ይሆን? ምንም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

አሁንም አረንጓዴ። ዶክተር ሁለት ሳምንቱን እንኳ አልጠበቁም። በሰው ሁሉ ፊት አመሰገኑኝ። ልጅቷ አስተካክላዋለች፣ አዲስ መስመር አያስፈልገንም፣ እሷንም ቋሚ እናደርጋታለን አሉ። ምኑን ነው ያስተካከልኩት? ልናገር አልኩና... ፈገግ ብዬ ዝም። ለእማዬ ስደውልላት በስልኩ ውስጥ እልል አለችልኝ። ከዚያ በኋላማ እንዴት ይነገራል?

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ምሳ ሰዓት ላይ ኑረዲን መጣ፣ ላብ በላብ ሆኖ። ቀጥ ብሎ ወደ ካርድ ክፍል። ፍላሽ አውጥቶ ለእትዬ ተናኘወርቅ በመስኮት ሊያቀብላቸው ሲል አየኝና መልሶ ኪሱ ከተተው።

ለካ ራጁን በታክሲ ነው የሚያመጣው! ለምን አልኩት።

"ስንልከው መስመራችን ይቀላል" አለ። "እኛ በቀላን ቁጥር ዶክተር ፊት የምትወቀሺው አንቺ ነሽ። እትዬ ተናኘ ደውለው፣ ልጅቷ ሙከራዋን እስክትጨርስ ቻል አድርጉት አሉን።"

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? እትዬ ተናኘወርቅ ምርቃት እንደሚጠብቅ ሰው ቆመው ያዩኛል። ለእኔ ብለው እኮ ነው... ገና ሦስት ወር ላልሞላኝ። አንጀቴን በሉት። ተናደድኩም። ኑረዲን እንዳለው አንዲት እናት ክንዱ ያበጠ ልጅ ይዘው ሀና ማርያም ቁጭ ብለዋል፤ ራጁ ታክሲ እስኪሞላ ሲጠብቅ።

በጀሞ የታክሲ ሰልፍ ምሳሌ አስረዳኋቸው። ሰው ሁሉ ተሰልፎ መታየት አፍሮ በእግሩ ቢሄድ ሰልፉ አጭር ይመስላል። ታዲያ ታክሲ ማን ይጨምራል? እትዬ ተናኘወርቅ አሰቡበት።

"እና መቅላታችን ጥሩ ነበር በይኛ?"

ጥሩስ አይደለም፣ እውነቱ ግን እሱ ነው አልኳቸው።

አሁን ለዶክተር ማን ይንገራቸው? ዝም ካልኩ ቋሚ ነኝ፣ ሀና ማርያም ግን በፍላሽ መኖሩ ነው። ያ ልጅ ክንዱን አቅፎ... እነግራቸዋለሁ። ሰኞ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ነገርኳቸው። ቴሌቪዥኑ ፊት አቆምኳቸውና ለኑረዲን ደወልኩ፤ ያለህን ሁሉ ላከው አልኩት። ቆምን። አረንጓዴ... ቢጫ... ቀይ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አብሮን ያያል።

"አልተስተካከለም እንዴ?" አሉ ዶክተር።

"አልተስተካከለም። እኔን ላለማስወቀስ ብለው በታክሲ ሲያመጡት ነበር። እኔ ምንም አልሠራሁም።"

ቀዩን አዩት። ከዚያ ቢሮአቸው ገብተው በሩን ዘጉ። አለቀልኝ። የእማዬ እልልታ እንዴት ሊመለስ ነው? እትዬ ተናኘወርቅ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ልበላቸው ብለው ተከትለዋቸው ገቡ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዶክተር ምንም አላሉኝም። ሀና ማርያም ቀይ። ምንም ቢሆን ራጁ እየደረሰ ነው፣ እያቃሰተም ቢሆን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ሰፊው መስመር ገባ! ኑረዲንን ላክ ልለው ስደውል ልኬ ጨርሻለሁ አለኝ። እዚያ አንድ ሽማግሌ ራጅ ተነሥተው ኮታቸውን ሳይቆልፉ ውጤታቸው ደርሷል።

እኔም ባለፈው ሳምንት ቋሚ ሆንኩ። ዶክተር፣ "አረንጓዴውን ዝም ብትይው ማን ያውቅብሽ ነበር?" አሉና ፈረሙ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ በደስታ።

ከሰዓት በኋላ አስቴር ደወለች፣ የጀሞዋ ነርስ። ድምጿ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ነው።

"ዝማሬ፣ እኛም ቀላን።"

ምን አድርጋችሁ አልኳት።

"ሥራ ነዋ" አለች። "ነይና እዪልን።"