ወደ እማዬ ክፍል የገባው ገመድ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንዴት ነህ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆቹስ ትምህርቱ እንዴት ይዟቸዋል? የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ቁጭ ብድግ ሲያሰኝህ ይውላል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ የእሷን ነገር ግን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህና ኋላ እመለስበታለሁ።

የላክህልኝ ዕቃ ሳይጎድል ደርሶኛል፤ ራውተሩም፣ ካሜራውም፣ ታብሌቱም፣ የገመዱ ጥቅልም። እንደምታውቀኝ መመሪያ ሳላነብ ዕቃ አልነካም። ሁለት ቀን አነበብኩ፤ የቤቱን ንድፍም በወረቀት ላይ አወጣሁ። ራውተሩ ሳሎን ሲቀመጥ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ዋይፋዩ እማዬ ክፍል ሳይደርስ ይደክማል። ስለዚህ ገመዱን በኮሪደሩ ጣሪያ ሥር አሳልፌ ክፍሏ ውስጥ ሁለተኛ ማሰራጫ አስቀመጥኩ። ግድግዳውን የበሳልኝ የሰፈራችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሦስት ጊዜ ስለካ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ቀዳዳ ነው የምንበሳው ወይስ ፈተና ነው የሚያወጡት?» አለኝ። በሦስተኛው ልኬት የሁለት ጣት ስህተት ሳገኝ እሱም መሰርሰሪያውን አስቀምጦ ሜትሩን ያዘልኝ።

ካሜራውን አልጋዋም፣ ወንበሯም፣ በሩም እንዲታዩ አድርጌ ሰቀልኩት። ታብሌቱን ወንበሯ ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። ስምምነታችን ግልጽ ነበር፤ ካሜራው ድንገት ብትወድቅ እንድናይበት፣ ታብሌቱ ደግሞ አንተ እየደወልክ እንድታዋራት። የይለፍ ቃሉን ጽፌ የላክሁልህም እኔው ነኝ።

የመጀመሪያው ቀን ደወልክ። እማዬ ታብሌቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ምነው ከሳህ? ያቺ ሚስትህ አታበላህም እንዴ?» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። በማግስቱም ደወልክ። ከዚያ በኋላ ግን አርባ ስድስት ቀን ሙሉ ድምፅህ ጠፋ። እሷ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ሻሿን ፈትታ እንደገና ታስራለች፤ ወንበሬን አስጠጋልኝ ትለኛለች፤ ትጠብቅሃለች። ሲሰለቻት፣ «ኔትወርኩ አልሠራ ብሎ ይሆን?» ትላለች። እኔም በገዛ እጄ የዘረጋሁትን መስመር እያማሁ፣ «አዎ፣ ዛሬ ደከም ብሏል» እላታለሁ። አርባ ዓመት ተማሪ ዋሸ ብዬ ስቆጣ የኖርኩ ሰው በስልሳ ሰባት ዓመቴ ለእናቴ መዋሸት ለመድኩ።

ባለፈው ማክሰኞ መልእክትህ መጣ። «ትላንት እማዬ ከሁለት ሰዓት በላይ ብቻዋን ነበረች፤ የት ሄደህ ነው? ጡረታ የወጣ ሰው ምን ሥራ ይዞት ነው?» ይላል። የሄድኩት መድኃኒቷን ላመጣ ነበር፤ ፋርማሲው ሰልፍ ነበረው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በመሃል ሁለቴ ገብታ አይታታለች፤ እሷንም ሳታያት አልቀረህም። ብዕር ያነሳሁት ግን ይህን ላስረዳህ አይደለም።

እንዴት አወቀ ብዬ የካሜራውን መዝገብ ከፈትኩ። ማን በስንት ሰዓት ገብቶ ስንት ደቂቃ እንዳየ ሳያጓድል ይጽፋል። አንተ በየቀኑ ገብተሃል፤ አንዳንዱን ቀን ሦስቴ። እሷ ከምትጠብቅበት ሰዓት ጋር አስተያየሁት። ከአርባ ስድስቱ ቀን በሠላሳ አንዱ፣ ልክ እሷ ታብሌቱ ፊት ተቀምጣ ሳለ እያየሃት ነበር።

እንግዲህ ሻሿን ስታስር አይተሃታል። ታብሌቱን በእጅጌዋ ስትወለውልም አይተሃታል። ወደ እኔ ዞራ ስትጠይቀኝ፣ እኔም ስላንተ ስዋሽ አይተኸናል። ሥራ በዝቶበት ነው እንዳልል፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ አይተህ ሳትደውል የወጣህበት ቀን አለ። ብዙ አሰብኩበት። ምናልባት መቼ ነው የምትመጣው ብላ እንዳትጠይቅህ ፈርተህ ይሆናል። እሱስ ይገባኛል። ከጥያቄዋ ሸሽተህ እኔን ለመቆጣጠር መቀመጥህ ነው ያልገባኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ተቆጣጣሪ አይቻለሁ፤ ክፍል ገብተው ስህተቴን ይጽፉ ነበር፤ ግን ሁሉም ሲገቡ ሰላም ይሉ ነበር።

የካሜራውን የይለፍ ቃል ትላንት ቀይሬዋለሁ። አዲሱን ከእኔ አታገኘውም። በትልልቅ ፊደል ጽፌ ለእማዬ ሰጥቻታለሁ፤ ስትደውልላት ታነብልሃለች። መዝገቡን አላሳየኋትም። ልጅሽ የሚፈልገው ነገር ነው ብቻ አልኳት፤ እንዳልሳሳትበት ብላ መነጽሯን አድርጋ ድምፅ እያወጣች ስትለማመድ ዋለች። ዛሬም ከምሳ በኋላ ወረቀቱን ይዛ ተቀምጣለች። ከእንግዲህ ብትጠይቀኝ ኔትወርኩ ደህና ነው እላታለሁ።

ለባለቤትህ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ በዚህ ነገር እሷን አልወቅሳትም። ትልቋን ልጅህን አጎትሽ የላክሽውን ድርሰት አንብቦታል፣ አርሞ ይልክልሻል በላት። ትንሹን ሁለት ጉንጩን ሳምልኝ። ልብስ ሰፊዋም ሰላም ብላሃለች። እማዬ ሰላምታዋን በደብዳቤ አልልክም ብላለች፤ እኔው በአፌ እነግረዋለሁ ትላለች።

ታላቅ ወንድምህ

ከእማዬ ቤት፣ ጥቅምት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.